የሽቦ ደቦ

ሰው የሚናከስ ውሻ ቢኖረው ያስረዋል፤ የሚራገጥ በቅሎ ቢኖረው ለማያውቅ ሰው ይሸጠዋል። የሚናከስ ግድግዳ ያለው ሰው ግን ምን ያድርግ? አትሳቁ። የምትስቁ ከሆነ ደርሶባችሁ አያውቅም ማለት ነው። እኔ በደርግ ጊዜ፣ ደባርቅ ላይ፣ የሚናከስ ግድግዳ ነበረኝ። ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ ሲሞት «ቤቱን አደራ» አለኝ እንጂ «ከግድግዳው ተጠንቀቅ» አላለኝም።

ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። መንገድ ያሠራ የነበረ አንድ የጣሊያን ሹም ይኖርበት ነበር ይባላል። ሹሙ ሲሄድ ሁለት ነገር ትቶልን ሄደ፤ አንደኛው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለተኛው የመብራት ሽቦ። ሽቦው እንደ ዛሬው ላስቲክ የለበሰ አይደለም። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ የጥጥ ክር የለበሰ፣ በነጫጭ ሸክላ እየተያዘ ከክፍል ክፍል የሚዞር ነበር። አባቴ ግድግዳውን በጭቃ ሲያስመርግ መራጊዎቹ ሽቦውንም አብረው መረጉት። ከዚያ ወዲያ ጥጡን አይጥ በላው፤ አይጥ የተወውን ዝናብ ጨረሰው። የከተማው የመብራት ሞተር ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ሲነሣ፣ ከአምፖሉ ቀድሞ መብራት የሚደርሰው ግድግዳው ሆነ።

በሥራዬ ደግሞ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። በባትሪ ድንጋይ ትንሽ አምፖል አበራና «ልጆች፣ ኮረንቲ ማለት ይህ ነው፤ የሰው ልጅ አገልጋይ ነው» እላለሁ። ቤቴ ስገባ ግን አገልጋዬን ላለመንካት እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ ብዬ ነበር በኮሪደሩ የማልፈው።

አሁን ወደ ባንቺአምላክ ልምጣ። ባንቺአምላክ ሚስቴ ናት፤ ጤና ረዳት ናት። በተጋባን በዓመቱ ጃናሞራ ተመደበች። «ጓዲት፣ ሰፊው ሕዝብ ይጠብቅሻል» አሏት። እኔም ከሰፊው ሕዝብ አንዱ መሆኔን የሚያስታውስ አልተገኘም። ጃናሞራ ስሜንን ተሻግሮ በበቅሎ ሁለት ቀን ነው። እኔ እንዳልሄድ ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤቱ አይለቀኝም፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ለመሠረተ ትምህርት ወደ ዳባት ገጠር እላካለሁ። ስለዚህ መምጣት የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ ያውም ለመስቀል፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ፈቃድ ሲሰጧት። አገሬው «ላም አለኝ በሰማይ» ይላል፤ እኔ ሚስት አለኝ በጃናሞራ ሆንኩ።

ናፍቆት ሰውን ያጃጅላል። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ እቀዳለሁ፤ ሁለተኛውን አክስቴ ይጠጡታል። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከጃናሞራ የመጣ በቅሎ ካየሁ አንገቱን አሻሸዋለሁ፤ በእሷ ደጅ አልፎ የመጣ በቅሎ ነዋ። አንድ ቀን ያሻሸሁት በቅሎ ከዳባት የመጣ መሆኑን ባለቤቱ ሲነግረኝ፣ የተታለልኩ ያህል ተናደድኩ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስሜን ላይ ደመና ሲወርድ ካየሁ «አሁን በርዷታል» እላለሁ፤ ደመናው ሲገለጥ «አሁን ፀሐይ እየሞቀች ነው» እላለሁ። ተማሪዎቼ የአየር ጠባይ ትምህርት እየመሰላቸው ደብተራቸው ላይ ይጽፉ ነበር።

ቤት ውስጥ ከእሷ የቀረኝ ነገር ጋዜጦቹ ናቸው። በተጋባን ሰሞን የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በዱቄት ሙጫ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ለጠፈችበት። ከራስጌያችን በላይ ያለውን አንዱን ገጽ ዘቅዝቃ ለጥፋዋለች። «ይኼንንስ ምነው ዘቀዘቅሽው?» ብላት «አንገትህን አዙረህ ስታነብ ልይህ ብዬ ነው» አለችኝ። ከሄደች በኋላ ያንን ገጽ በቃሌ አጠናሁት። የአንድ ወፍጮ ቤት ምረቃ ዜና ነው። እንኳን የወፍጮ ቤት ዜና፣ የፍቅር ደብዳቤ እንኳ እንደዚያ ተደጋግሞ አልተነበበም።

ለመስቀል መጥታ ሳለ ነው ነገሩ የመጣው። ኩታዋን ምስማር ላይ ልትሰቅል እጇን ስትዘረጋ ግድግዳው ነከሳት። አልጋው ላይ ወደቀች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። ፈቃዷ አልቆ ተመለሰች። ለገና ግን ሳትመጣ ቀረች።

በመካከላችን መልእክት የሚያመላልሰው ይማም ነው። ይማም ጨውና ጨርቅ ጭኖ በደባርቅና በጃናሞራ መካከል የሚነግድ፣ ቃሉ የታመነ ሰው ነው። ደብዳቤ ግን አይዝም። «ወረቀት ኬላ ላይ ያስጠይቃል፤ ያለህን በአፍህ ስጠኝ» ይላል። ለገና ባንቺአምላክን ስጠብቅ ብቻውን መጣ።

«መምህር፣ ሰላምታዋ ብዙ ነው» አለኝ። «‹ግድግዳው መናከሱን እስኪተው አልመጣም› ብላሃለች።»

«እየሳቀች ነው ወይስ ተቆጥታ?»

«እኔ የተናገረችውን አመጣሁልህ፤ ፊቷንማ በምን ልጫነው?»

«ፋሲካስ?»

«‹እስቲ እናያለን› ብላለች።»

ይህቺ «እስቲ እናያለን» የምትባል ቃል ስንት ሰው እንዳሳበደች የሚያውቅ ያውቃል። እምቢ ቢሉህ ታለቅሳለህ፤ እሺ ቢሉህ ቀን ትቆጥራለህ፤ እናያለን ሲሉህ ግን ቤትህን ታፈርሳለህ። እኔም በዚያች ሰዓት ጠላቴን ለየሁ። ጠላቴ ሽቦ ነው። ፋሲካ ሳይደርስ በዚያ ቤት ውስጥ የጣሊያን ሽቦ የሚባል ስንዝር አይቀርም አልኩ። ይህ ከሆነ ትመጣለች፤ ካልሆነ ሌላ ዓመት ብቻዬን ሁለት ብርጭቆ ሻይ ስቀዳ መክረሜ ነው።

ሐሳቤን ለአክስቴ ለእትዬ ተዋበች ነገርኳቸው። እትዬ ተዋበች አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱንም እኔንም የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። ሽቦ የሚባለውን ነገር ግን አልተቀበሉትም።

«ሽቦ አይደለም የኔ ልጅ። የጣሊያኑ መንፈስ ነው ግድግዳው ውስጥ የቀረው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ኮረንቲ ነው እኮ! ኮረንቲ!»

«አይተኸው ታውቃለህ?»

«አይታይም።»

«ሲጨልም ይነሣል?»

«አዎ፣ ሞተሩ ሲነሣ…»

«የነካውን ይጥላል?»

«ይጥላል።»

«የማይታይ፣ በጨለማ የሚነሣ፣ የነካውን የሚጥል። ታዲያ አንተ ስሙን ነው እንጂ ምኑን ለወጥከው?»

በማግስቱ የነፍስ አባታችን መምሬ ፈንታሁን ጠበል ይዘው መጡ። ቀን ቢመጡ ምንም ባልሆነ፤ ቀን ሞተሩ አይሠራም፤ ሽቦውም ሙት ነው። ግን ከሠርክ ጸሎት በኋላ፣ ሞተሩ ከተነሣ ወዲያ ደረሱ። ጸሎታቸውን አድርሰው ግድግዳውን በጠበል አረሰረሱት። እኔ «አባቴ፣ ውኃና ኮረንቲ…» ብዬ ስጀምር እትዬ ተዋበች ገላመጡኝ። ከዚያ መምሬ የብረት መስቀላቸውን አውጥተው እርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳረፉ።

የሆነውን በዝርዝር መናገር ነውር ነው። ጥምጣማቸውን ከአልጋ ሥር አነሣሁ። እሳቸውን ከመደቡ ሥር አነሣናቸው። ጥምጣማቸውን መልሰው እየጠመጠሙ «ይህ ርኩስ መንፈስ አይደለም» አሉ።

«እንዴት አወቁ አባቴ?» አሉ እትዬ ተዋበች።

«ርኩስ መንፈስ መስቀል ሲነካው እሱ ይጮኻል። ይኼ ያስጮኸው እኔን ነው። የሞተሩን ልጅ ጥሩት።»

የሞተሩ ልጅ የተባለው ጋሻው የከተማውን ሞተር የሚያስነሣና የሚያጠፋ፣ ሲፈለግም የቤት መስመር የሚዘረጋ ጎልማሳ ነው። ፒንሳውን በኋላ ኪሱ ሰክቶ መጣ። ክፍሎቹን አንድ ባንድ ዞረ፤ ከንፈሩን እየመጠጠ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼን ሽቦ የዘረጋው ሰው ሚስቱን ይጠላ ነበር» አለ። «ሁሉም ይነቀላል። አዲሱን ሽቦ ከጎንደር አምጣ፤ እዘረጋልሃለሁ። አሮጌውን ግን አንተው ነቅለህ ጠብቀኝ፤ ከጭቃ ጋር መታገል የኔ ሥራ አይደለም። ከሆሳዕና በፊት ካልደረስክ ደግሞ እኔ ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ።»

ጎንደር ወርጄ ሽቦውን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ አምፖሉን ሁሉ ገዛሁ። ስመለስ ዳባት ኬላ ላይ አውቶቡሱን አስቆሙት። ጭነት ሲፈተሽ አንድ ወታደር የጠቀለልኩትን ሽቦ ከጣሪያ አውርዶ «የማነው?» አለ።

«የኔ።»

«ለምንድነው?»

በዚያ ዘመን ጥቅል ሽቦ ይዞ ኬላ ላይ መቆም ቀልድ አይደለም። «ለቤት መብራት» ማለት ለሳይንስ መምህር ምን ያቅተዋል? እኔ ግን ከጎንደር ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ስለነበር «ለሚስቴ ነው» አልኩት።

«ምን ልታደርጋት? ልታስራት?»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ግድግዳውን፣ ጃናሞራን፣ ይማምን፣ እናያለንን፣ ሁሉንም ቆሜ አወራሁለት። ወታደሩ ፈገግታው እየጠፋ ሄደ።

«መቼ ነው ያየሃት?» አለኝ።

«ለመስቀል።»

«ለመስቀል» አለ እሱም። «እኔ ከአርሲ ስመጣ ልጃችን አልተወለደም ነበር። አሁን ያወራል አሉኝ።»

ሽቦውን ራሱ ተሸክሞ ጣሪያው ላይ መልሶ ጫነልኝ። «ቶሎ ዘርጋው» አለኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት ዞሬ አየሁት፤ እኛን ሳይሆን የመጣንበትን መንገድ ነበር የሚያየው። ያን ቀን እስከ ደባርቅ ድረስ ያለቀስኩት ለእሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

እንግዲህ የቀረው መንቀሉ ነው። የእኔ ሐሳብ ከትምህርት ቤት መልስ ጭቃውን በቢላዋ ጫፍ እየፈለፈልኩ ሽቦውን ቀስ አድርጌ ማውጣት ነበር። ሁለት ቀን ሠርቼ የበሩን መቃን አላለፍኩም። እትዬ ተዋበች ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

«እንዲህ ከሆነማ ለፋሲካ ሳይሆን ለመጪው ጾመ ፍልሰታ ነው የምትደርሰው። ሰው የለህም?» አሉኝ።

«የሽቦ ሥራ ነው እኮ እትዬ።»

«ሥራ ሥራ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።»

ነገሩን የጨዋታ መስሎኝ ተኛሁ። ለካ ጠላ ጠምቀው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄጄ ቀትር ላይ ስመለስ፣ ገና ከሩቅ የሆታ ድምፅ ሰማሁ። የመኸር ጊዜ አይደለ፤ ሠርግ በሁዳዴ አይደረግ። ቀረብ ስል ድምፁ ከቤቴ ነው። ደጃፌ በበትር፣ በገመድና በጋቢ ተሞልቷል። እትዬ ተዋበች ከየገጠሩ ዘመድ አዝማዱን ሰብስበው ደቦ ጠርተውልኛል። የሽቦ ደቦ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሽቦ ለመንቀል ያን ያህል ሰው ሲያብር ግን ከእኔ ቤት በቀር አላየሁም።

የደቦው አለቃ አያ ምሕረት ናቸው፤ የእትዬ ተዋበች የአጎት ልጅ፣ በአጨዳ ፊት የሚቀድማቸው የሌለ አራሽ። መብራት ያለበት ቤት ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ነገሩን ግን ወዲያው ገብቷቸዋል።

«ሐረግ ነው» አሉኝ። «ግንብ ላይ የወጣ ሐረግ አንተ እንደምታደርገው በጥፍር አይለቀምም። ሥሩን ይዞ መሳብ ነው።»

የሽቦውን ጫፍ በጠፍር አስረውታል፤ ከጠፍሩ ላይ ገመድ ቀጥለውበታል፤ ገመዱን በበር አውጥተው ግቢው ውስጥ ጎልማሶቹ ተሰልፈው ይዘውታል። ከመካከላቸው አንዱ ያወርዳል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ።

«ሳበው በል ሳበው፣ ሳበው በል ጅማቱን፣
ጣሊያን ከግድግዳው ትቶ የሄደውን!»

«ሆ!» ሲሉ ሽቦው ወጣ። ሽቦው ብቻውን ቢወጣ መልካም ነበር። አባቴ ከጭቃው ጋር አብሮ አስመርጎት የለ? የሳሎኑ ግድግዳ ቆዳው እንደተገፈፈ በግ ሆነ። ሁለተኛው «ሆ!» ላይ የኮርኒሱ አቡጀዴ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ ወረደ፤ ከአቡጀዴው ጋር አይጦች፣ ከአይጦቹ ጋር የጣሊያን ጊዜ አቧራ። አይጦቹ በደቦው መሐል ሮጡ፤ ደቦው አይጥ ማባረር ጀመረ፤ ከበረት ውጭ የታሰሩ በቅሎዎች ደነበሩ። እትዬ ተዋበች በዚህ ሁሉ መካከል ማሰሮ ይዘው «ጠጡ ልጆቼ፣ ጠጡ! በርቱ!» እያሉ ይዞራሉ።

«ይብቃ! ቤቴ ፈረሰ!» ብዬ ጮህኩ።

«አይዞህ መምህር፣ አንድ ክፍል ነው የቀረን» አሉ አያ ምሕረት። ወዲያው የገመዱን ጫፍ በእጄ አስያዙኝ። «ባለቤቱ ቀድሞ ካልሳበ ደቦ አይባረክም።»

ደቦ ውስጥ ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሆታው ከእግር ተነሥቶ ወደ ደረት ይወጣል፤ ያኔ የሳይንስ ትምህርት የለም፤ ዲፕሎማ የለም። ደግሞም ክንዴ ውስጥ የብዙ ወር ናፍቆት ተጠራቅሟል። ይህች ሽቦ አይደለችም ሚስቴን የከለከለችኝ? ሳብኩ። ከሁሉ በፊት፣ ከሁሉ አስበልጬ ሳብኩ። «ሆ!» አልኩ። የቀረችው ክፍል መኝታ ቤታችን መሆኗን ያስታወስኩት የግድግዳው ጭቃ ከነጋዜጣው ተንዶ ሲያበቃ ነው።

ገመዱን ጥዬ ገባሁ። ክምሩ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ቁርጥራጭ ወረቀት መልቀም ጀመርኩ። አያ ምሕረት ተከትለውኝ ገቡ።

«ምን ጠፋህ መምህር?»

«ጋዜጣ።»

«አሮጌ ጋዜጣ?»

«ባንቺአምላክ የለጠፈችው ነው» አልኩ።

አያ ምሕረት ጥቂት አዩኝና ወደ ደጅ ዞረው «ኑማ ወዲህ!» አሉ። ሆታው ቆመ። ያ ሁሉ ጎልማሳ ጫማውን እያራገፈ ገብቶ አጠገቤ ተንበረከከ። ፊደል የማይለዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ይዞ «መምህር፣ ይቺም የሷ ናት?» ይለኛል። «የሷ ናት» እላለሁ። ሌላው በጋቢው ጫፍ ጭቃውን እየጠረገ ያቀብለኛል። የሰበሰብነው አንድ እንቅብ ሞላ። የተዘቀዘቀው ገጽ ግን ከጭቃው ጋር ላቁጦ ነበር፤ ከወፍጮ ቤቱ ዜና የተረፈው ግማሽ ስም ብቻ ነው።

አፍራሹ ደቦ ጥሎኝ አልሄደም። በማግስቱ ጭድ አምጥተው፣ ጭቃ ረግጠው፣ ግድግዳውን መልሰው መረጉት። ጋሻውም መጥቶ አዲሱን መስመር ዘረጋ። እሱ በመሰላል ላይ ሆኖ «ሽቦውን ያዙልኝ» ባለ ቁጥር ስምንት ሰው ይይዝለታል፤ ሁሉም ሐሳብ አለው። በዚህ ግርግር መካከል የእኔ ክፍል ማጥፊያ እትዬ ተዋበች ክፍል፣ የእሳቸው ማጥፊያ እኔ ክፍል ገባ። ለጋሻው ብነግረው «አልተሳሳተም፤ በዚህ ሰበብ ደኅና እደሩ ትባባላላችሁ» ብሎ ፒንሳውን ኪሱ ከቶ፣ ሞተሩን ለረዳቱ ትቶ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲያ ለመተኛት ስፈልግ «እትዬ፣ ያጥፉኝ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ እሳቸው «አንተ ቀድመህ አጥፋኝ!» ይላሉ።

ቢሆንም ቤቱ በራ። ሞተሩ በተነሣበት ምሽት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ግድግዳውን ዳሰሰ፤ ማንንም አልነከሰም። መምሬ ፈንታሁን ሳይቀሩ መጥተው በአንድ ጣታቸው ነክተው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ መስቀላቸውን ግን ከኪሳቸው አላወጡም። እኔም ለይማም «ግድግዳው መናከሱን ትቷል በላት» ብዬ አደራ ሰጠሁት።

የፋሲካ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ከከተማው ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ብርድ ነበር። የይማም በቅሎዎች ብቅ ሲሉ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ባትኖርስ? ስገልጠው ከመጨረሻዋ በቅሎ ላይ እየወረደች ነው። ፊቷ በተራራው ፀሐይ ጠቁሯል፤ ከስታለች። ብዙ ልናገር ያሰብኩት ነበረኝ፤ «መጣሽ?» ብቻ አልኩ። «መጣሁ» አለች።

ማታ ሞተሩ ሲነሣ እጇን ይዤ አስገባኋት። ከእትዬ ተዋበች ክፍል የእኔን መብራት አስበራሁ። ባንቺአምላክ መኝታ ቤቱ መሐል ቆማ ባዶውን፣ አዲሱን የጭቃ ግድግዳ ትመለከተዋለች።

«ጋዜጦቼስ?» አለችኝ።

ከመምሬ መስቀል ጀምሬ እስከ ሆታው ድረስ ነገርኳት። እንቅቡንም አመጣሁላት። ስቃ ስቃ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይኗ ሞላ።

«ይህን ሁሉ ለምን አደረግህ?»

«‹ግድግዳው መናከሱን እስኪተው አልመጣም› አላልሽም?»

እንቅቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ወረቀቶቹን እያገላበጠች ቆየች።

«ብያለሁ። ግን ግድግዳውን ፈርቼ አይደለም። በእኛ ሥራ ስንቱን የባሰ አይቻለሁ። መምጣቱ አይደለም የከበደኝ፤ መመለሱ ነው። ለመስቀል መጥቼ ስመለስ ስሜን ላይ ስንወጣ ዞር ብዬ ሳይ ደባርቅ ከዓይኔ ጠፋች። ከበቅሎዋ ወርጄ መሬት ተቀመጥኩ። ይማም ‹ተነሺ፣ ይመሽብናል› ይለኛል፤ እኔ እግር አጣሁ። እንደገና እንዲህ ከምሆንስ ባልሄድ ይሻለኛል አልኩ። ይህን በይማም አፍ እንዴት ልላከው? ግድግዳውን አመካኘሁ።»

እንግዲህ ያ ሁሉ የጎንደር መንገድ፣ ያ ሁሉ ጠላ፣ የመምሬ ጥምጣም፣ የፈረሰው ኮርኒስ፣ ለካ በሰበብ ላይ የተደረገ ዘመቻ ነው። መሳቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። እሷ ተራራው ላይ መሬት ተቀምጣ፣ እኔ እዚህ የማላውቀውን በቅሎ አንገት እያሻሸሁ፣ ሁለታችንም በአንድ ሕመም ታመን ሁለታችንም ሽቦ ነው ስንል ከረምን።

ፈቃዷ አልቆ በሄደች በማግስቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ኃላፊው ነገሬን ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ።

«መምህር፣ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ከጃናሞራ አውጡኝ የሚለኝ እንጂ ጃናሞራ ስደዱኝ ያለኝ ሰው የለም። ለቤትህም ገና አሁን ነው አዲስ መብራት ያስገባኸው ሲሉ ሰምቻለሁ። ለመሆኑ ደኅና ነህ?»

«ደኅና አይደለሁም ጓድ» አልኩት። «ሚስቴ እዚያ ናት።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ለመስከረም ተዛወርኩ። እትዬ ተዋበች መርቀው ሸኙኝ፤ የሁለቱም ክፍል ማጥፊያ ለእሳቸው ሆነ።

ጃናሞራ መብራት አልነበረም። ላምባ እንደ ልብ ስለማይገኝ አንድ ኩራዝ ብቻ ነበረችን። እሷ የበሽተኞቿን መድኃኒት ስትለይ፣ እኔ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም፣ ራስ ለራስ ተገናኝተን እንቀመጥ ነበር። አንዳችን ብንነሣ ሌላው በጨለማ ይቀራል። ስለዚህ አንነሣም። በነፋሱ ቀን ኩራዟ እንዳትጠፋ እሷ በአንድ እጇ፣ እኔ በሌላ እጄ ከልለን ሁለታችንም ሥራ እንፈታለን።

ይኸው ዛሬ ጎንደር ነው የምንኖረው። ልጆቹ ሄደዋል። በየክፍሉ መብራት አለ፤ ግድግዳው የታመነ ነው፤ ማጥፊያውም በየቦታው ነው። እሷ በአንዱ ክፍል ቴሌቪዥኗን ታያለች፤ እኔ በሌላው ሬዲዮዬን እሰማለሁ። ለእራት እንጠራራለን፤ ደኅና እደሪ፣ ደኅና እደር እንባባላለን። አልተጣላንም፤ አንድም የጎደለን የለም። ብቻ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሆነን ትናፍቀኛለች።

አንዳንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ያጉረመርማል። እኔ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይመጣል፤ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ነው።

«የት ነህ?» ትለኛለች።

«እዚህ ነኝ።»

መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል። ሻማው ኪሴ ውስጥ አለ፤ አልነግራትም።